ሞኒተራችሁ ላይ ጽሑፍ ብዥ ይላል? ሳትገዙ በፊት ይህን እዩ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያሉ ጽሕፈት ቤቶችም ሆኑ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች አንድ ዓይነት አቤቱታ አላቸው፦ ላፕቶፑ ላይ ጥርት ብሎ የሚነበበው ፊደል ሞኒተር ላይ ሲወጣ ይፈዛል። አማርኛ ላይ ደግሞ ይብሳል። «ሊ» እና «ሌ»ን የሚለያቸው እግራቸው ሥር ያለች ጭረትና ቀለበት ናት። ስክሪኑ እሷን አጥርቶ ማሳየት ካቃተው አራሚው ቀኑን ሙሉ ዓይኑን ሲያጨናብስ ይውላል።

ሞኒተሩን ከመጣላችሁ በፊት ብር የማይጠይቁትን ምክንያቶች አንድ በአንድ አስወግዱ።

ፊደሉ በሙሉ እኩል ብዥ ካለ

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሬዞሉሽን ነው። እያንዳንዱ ስክሪን ከፋብሪካ ሲወጣ የተወሰነ የፒክስል ቁጥር አለው፤ ከዚያ ውጭ ሲላክለት ምስሉን ለጥጦ ይሞላዋል። እዚህ በብዛት የማየው እንዲህ ነው፦ ላፕቶፑ 1366 በ768 ነው፣ ሞኒተሩ 1920 በ1080። ሁለቱ አንድ ዓይነት ምስል እንዲያሳዩ «ዱፕሊኬት» ላይ ስለተደረጉ ሞኒተሩም በላፕቶፑ ልክ ይወርዳል። ያኔ አንዱ ነጥብ 1.4 ነጥብ ላይ ይዘረጋል፤ የፊደሉ ጠርዝ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም።

የዊንዶውስን ቁልፍና የ«P» ፊደልን ቁልፍ አብራችሁ ተጫኑና «ኤክስቴንድ» ወይም «ሰከንድ ስክሪን ኦንሊ» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ገብታችሁ ለሞኒተሩ «ሪኮመንድድ» የሚል የተጻፈበትን ሬዞሉሽን ስጡት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገላገላል።

ከፊደሉ ጎን ጥላ ካለ ወይም መስመሩ ከተንቀጠቀጠ

ገመዱ ቪጂኤ (በሁለት ብሎን የሚታሰረው የድሮው ገመድ) ነው ማለት ነው። ቪጂኤ ምስሉን በአናሎግ ስለሚልክ ሞኒተሩ እያንዳንዱ ፒክስል የት እንደሚጀምር መገመት አለበት። ሞኒተሩ ላይ ያለውን «አውቶ» ቁልፍ ጽሑፍ የሞላበት ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ተጫኑት፤ ለጊዜው ይሻሻላል። ዋናው መፍትሄ ግን ወደ ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይ ፖርት መቀየር ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረውን ትንሽ መሣሪያ ገዝቶ ጥራት መጠበቅ አያዋጣም፤ መጨረሻ ላይ ያው ቪጂኤ ነው።

ገመድ ስትገዙ አቅጣጫውን ጠይቁ። ከኮምፒውተሩ ዲስፕሌይ ፖርት ወጥቶ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ላይ የሚገባው ርካሽ ገመድ ይሠራል፤ በተገላቢጦሽ ግን ያው ገመድ ምንም አያሳይም። ሻጩ «ሁለቱም ያው ነው» ቢላችሁ አትመኑት።

ፊደሉ ነጭ ጠርዝ ካወጣ፣ ወይም ቀይ ጽሑፍ ብቻ ከተለበደ

ሞኒተሩ ራሱን ቴሌቪዥን አድርጎ ቆጥሯል። ወይም በእርግጥም ቴሌቪዥን ነው፤ ጅማ ውስጥ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ከኮምፒውተር ጋር ያገናኘ ቢሮ ጥቂት አይደለም። ከሞኒተሩ ሜኑ «ሻርፕነስ»ን ቀንሱ፤ ስሙ ያሳስታል እንጂ ሲበዛ ፊደሉን ያበላሻል። ከግራፊክስ ካርዱ ሴቲንግ ደግሞ የቀለሙን ፎርማት አርጂቢ አድርጉት። የስክሪኑ ጠርዝ ተቆርጦ ከታየ ቴሌቪዥኑ ላይ «ኦቨርስካን»ን አጥፉ ወይም የምስሉን መጠን «ጀስት ስካን» ላይ አድርጉ።

አንድ ፕሮግራም ብቻ ብዥ ካለ

የፕሮግራሙን ምልክት በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ «ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ»፤ ከታች ያለችውን ሳጥን ምልክት አድርጋችሁ «አፕሊኬሽን» ምረጡ። እግረ መንገዳችሁን የዊንዶውስን የፊደል ማጥሪያ «ክሊርታይፕ»ን ስታርት ሜኑ ላይ ፈልጋችሁ ማስተካከያውን አንድ ጊዜ ጨርሱት።

ሁሉም ተስተካክሎ ፊደሉ አሁንም ነጠብጣብ ከሆነ

አሁን ጥፋቱ የሞኒተሩ ነው፤ ይኸኛውን ሴቲንግ አይፈታውም። ማየት ያለባችሁ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ፒክስል እንዳለ ነው። ባለ 1920 በ1080 ሞኒተር 21.5 ኢንች ሲሆን 102 ያህል ፒክስል ይደርሰዋል፣ 24 ሲሆን 92፣ 27 ሲሆን 82። ያ 1366 በ768 የሆነ 32 ኢንች ቴሌቪዥን 49 ብቻ ነው። ላፕቶፓችሁ 15.6 ኢንች ሆኖ 1920 በ1080 ከሆነ ግን 141 አለው፤ ዓይናችሁ የለመደው እሱን ነው። ትልቁን 27 በ1080 መግዛት ያንኑ ሊጥ ሰፊ ምጣድ ላይ ማፍሰስ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ጠበብ ያለበት ሰው ያገለገለ 22 ወይም 24 ኢንች፣ 1920 በ1080፣ ፓነሉ አይፒኤስ (ከጎንም ሆነ ከላይ ከታች ሲያዩት ቀለሙ ብዙ የማይለወጥ) የሆነ ቢገዛ እመርጣለሁ። የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ የቢሮ ሞኒተሮች ለዚህ ጥሩ ናቸው፤ መቆሚያቸውም ብዙ ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ጨመር ማድረግ የሚችል 27 ኢንች በ2560 በ1440 ይውሰድ፤ 109 ፒክስል ይሆናል። ባለ 4ኬው (3840 በ2160) 27 ኢንች 163 ስላለው ፊደሉ እንደታተመ ወረቀት ይጠራል፤ ፊደሉ እንዳያንስ ስኬሉን 150 በመቶ ማድረግ ነው። የላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ 1.4 ከሆነ ግን 4ኬን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ስለሚያድስ ማውዙ ይጎተታል። ይህን ሳያጣሩ መግዛት ብር መጣል ነው።

ከአዲስ አበባ ማስላክ ዋጋው ሊቀንስ ይችላል፤ ግን ካልተስማማችሁ 350 ኪሎ ሜትር መልሶ መላክ አለ። እዚሁ ጅማ መርካቶ ስትገዙ ላፕቶፓችሁንና የራሳችሁን ኤችዲኤምአይ ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። ዎርድ ላይ በኒያላ ፊደል በ10 መጠን «ሊ ሌ ቂ ቄ ጪ ጬ» ብላችሁ ጻፉ፤ ዙሙን 100 በመቶ አድርጋችሁ ክንዳችሁ ርቀት ላይ ሆናችሁ አንብቡ። ቀጥሎ ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ማዕዘኖቹ ቢጫ እንዳልሆኑ እዩ። ከዚያ ፎቶ ከፍታችሁ፣ ከስክሪኑ ዝቅ ብላችሁ ከታች ወደ ላይ ተመልከቱት፤ ቀለሙ ከተገለበጠ ፓነሉ ቲኤን የሚባለው ርካሹ ዓይነት ነው፣ ሻጩ አይፒኤስ ቢልም።