ከአንድ የጦር ክፍል ወደ ሌላ ለመዛወር ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ ምድር ጦር፣ ባሕር ኃይል፣ አየር ኃይል፣ ማሪን ኮርፕስ (ባሕር ወለድ ጦር)፣ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) እና እ.ኤ.አ. በ2019 የተቋቋመው የኅዋ ኃይል እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሰው ይመለምላሉ፣ የራሳቸውን ውል ያስፈርማሉ፣ ያስፈረሙትንም ሰው በቀላሉ አይለቁም። በአንዱ ተመዝግቦ ልቡ ወደ ሌላው ያዘነበለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሩን የሚከፍትለት ሊገባበት የሚፈልገው ክፍል ይመስለዋል፤ ቁልፉ ግን በሚለቀው ክፍል እጅ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በአመዛኙ ይህን ካለመገንዘብ የሚመነጩ ሲሆኑ፣ መኮንኖች የተለየ ሥርዓት ስላላቸው የምጽፈው ስለ ባለሌላ ማዕረግተኞች ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ስህተት የትኛው ደረጃ ላይ እንዳሉ ሳያውቁ መንቀሳቀስ ነው። ቃለ መሐላ ፈጽሞ ወደ ማሠልጠኛ የሚሄድበትን ቀን ቤቱ ሆኖ የሚጠባበቅ ወጣት መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም፤ በወታደራዊ የወንጀል ሕግም አይዳኝም። በመደበኛው ደንብ እስከ 365 ቀናት ሊቆይ በሚችለው በዚህ የመጠባበቂያ ጊዜ ሐሳቡን የለወጠ ሰው መሰናበት እንደሚፈልግ በጽሑፍ አመልክቶ መውጣት ይችላል። «ትታሰራለህ» ብሎ የሚያስፈራራ መልማይ ቢያጋጥመው ንግግሩ መሠረት የሌለው መሆኑን ይወቅ፤ በዚህ ዓይነት ፍርሃት ብቻ የማይፈልጉትን መንገድ የተከተሉ ወጣቶች ጉዳይ እጅግ ያሳዝነኛል። ማሠልጠኛ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ጽፎ መውጣት የለም።

በዚሁ የመጠባበቂያ ጊዜ የሚፈጸም ሌላ ስህተት የመጀመሪያውን ምዝገባ ደብቆ ወደ ሌላው መልማይ መሄድ ነው። የጤና ምርመራው የሚካሄደው ሁሉም የጦር ክፍሎች በጋራ በሚጠቀሙበት የምልመላ ማዕከል ስለሆነ የምርመራው መዝገብና የመግቢያ ፈተናው ውጤት በዚያው ይገኛሉ። የተደበቀው ነገር መውጣቱ አይቀርም፤ ሲወጣም ጥያቄው ስለ ዝውውር መሆኑ ቀርቶ ስለ አመልካቹ ታማኝነት ይሆናል።

መደበኛ አገልግሎት የጀመሩት ደግሞ በብዛት የሚሳሳቱት ዝውውርን በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ክፍል እንደ መቀየር በመቁጠር ነው። የምዝገባ ውሉ የተፈረመው ከአንድ የጦር ክፍል ጋር ስለሆነ የተለመደው መንገድ ውሉን ፈጽሞ በአዲስ ውል ወደ ሌላው መግባት ነው። ውሉ ሳያልቅ ለመሻገር ዲዲ 368 በሚባለው ቅጽ የሚጠየቅ፣ በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ መልቀቂያ ያስፈልጋል። ቅጹን የሚጀምረው ተቀባዩ ክፍል ቢሆንም፣ ፈቀድኩ ወይም አልፈቀድኩም ብሎ የሚፈርምበት ለቃቂው ነው። ፈቃዱም መብት አይደለም። የሰው እጥረት ባለበት ሙያ ላይ ያለ ወታደር ምንም ያህል ጥሩ ምክንያት ቢያቀርብ ሊከለከል ይችላል፤ ስለዚህ አዛዡ ጉዳዩን ከሌላ ሰው አፍ ከመስማቱ በፊት በአለቆቹ በኩል በሥርዓቱ ማስታወቁ ይጠቅመዋል።

«አራት ዓመቴን ጨርሻለሁ፣ ከእንግዲህ ነፃ ነኝ» ማለትም ያሳስታል። የመጀመሪያ ተመዝጋቢ በጥቅሉ የስምንት ዓመት ግዴታ ስላለበት ከአራት ዓመት መደበኛ አገልግሎት በኋላ ቀሪው በተጠባባቂ ጦር አባልነት ይቆጠራል፤ የተጠባባቂ ጦር አባል ሆኖ ወደ ሌላ ክፍል ለመግባትም መልቀቂያው ይጠየቃል። ከዚህም ጋር በማሰናበቻው ወረቀት በዲዲ 214 ላይ የሰፈረውን የዳግም ምዝገባ ኮድ ማየት ይገባል። በጥቅሉ 1 የሚለው ኮድ መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ 3 ልዩ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ 4 ደግሞ በሩ በአብዛኛው መዘጋቱን ያመለክታል። ይህን ሳያነብ ቤቱን ለቆ፣ ሥራ ትቶ የሚጠባበቅ ሰው ራሱን ይጎዳል።

ማዕረግና ሙያ እንዳሉ ይሻገራሉ ብሎ ማሰብም ከዚያ አያንስም። አዲሱ ክፍል ቀደም ሲል ያገለገሉትን የሚቀበለው ክፍት ቦታ ባለው ልክ ነው፤ ማዕረግ ሊቀንስ፣ ሙያም ከመጀመሪያው ሊጀመር ይችላል። ማሪን ኮርፕስ ከሌላ ክፍል የመጣውን ሰው ሳይቀር የ13 ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠናውን ያስወስዳል። የሚሻገረው የአገልግሎት ዘመን ነው፤ ለደመወዝ እርከንም ሆነ ለ20 ዓመቱ ጡረታ ይቆጠራል። ለተሻለ ደመወዝ ብሎ ክፍል መቀየርም ትርጉም የለውም፤ መሠረታዊ ደመወዝ በማዕረግና በአገልግሎት ዘመን የሚወሰን ሆኖ ለሁሉም ክፍሎች ሠንጠረዡ አንድ ነው። የምዝገባ ጉርሻ የወሰደ ሰው ግን ያላገለገለበትን ድርሻ እንዲመልስ ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድሞ ሒሳቡን ማስላት አለበት።

በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው በቃል በተሰጠ ተስፋ መፈረም ነው። የምዝገባው ውል ዲዲ 4 ራሱ፣ በውሉና በአባሪዎቹ ካልተጻፈ በቀር ማንም የሰጠው ሌላ ተስፋ እንደማይጸናና እንደማይከበር በትልልቅ ፊደላት ያስጠነቅቃል። ፈራሚው ሌሊት ተነሥቶ፣ ሲሰለፍ ውሎ፣ ደክሞት ወረቀቱ ፊቱ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ይህን መስመር በዓይኑ ዘሎት ያልፋል። ሙያው፣ ማዕረጉና ጉርሻው በአባሪው ላይ በግልጽ ካልሰፈሩ እስክሪብቶውን ማስቀመጥ ይችላል፤ እስኪፈርም ድረስ ማንም አያስገድደውም።

በመጨረሻ የጊዜ ጉዳይ አለ። በዲዲ 368 የተሰጠ ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ አዲሱ ክፍል የጤና ምርመራውንና የሥራ ምደባውን እስከዚያ ካላጠናቀቀ ጥያቄው እንደገና ከሥር ይጀመራል። ፈቃዱ በእጅ እንደገባ በመጀመሪያ የሚታየው ያ ቀን ሊሆን ይገባል።