ጀርባ ማሸትና ወጌሻነት ለየቅል ናቸው፦ ቤት ውስጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

እኛ አካባቢ ሰው ጀርባውን ሲያመው የሚባለው ሁለት ነገር ነው። ወይ "ብርድ ነው"፣ ወይ "ወጌሻ ጋ ሂድ"። ለዚህ ይመስለኛል ድካም ለማውጣት ብቻ ቤት ውስጥ ጀርባ የምናሽ ሰዎች ሳናስበው ወጌሻ የምንሆነው። ማሸት ማለት ሰውየውን "እህህ" ማሰኘት ይመስለናል። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። አባቴ ገብስ ሲያጭድ ውሎ ሲመጣ ባለ በሌለ ኃይሌ እደቁሰውና "እግዜር ይስጥህ" ብሎኝ ይተኛል። አንድ ቀን እናቴ ጠጋ ብላ "ባሸኸው ቁጥር ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው የሚያድረው፣ ለአንተ ግን አልነግርም አለ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን እንደገና መማር የጀመርኩት።

በቀዘቀዘ እጅ መጀመር

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ውርጩ ቤት ድረስ ይገባል። በዚህ ላይ ሹራብ አስወልቆ የቀዘቀዘ ቅባት በቀዘቀዘ እጅ መለደፍ ምን ይባላል? የበረደው ጡንቻ ይኮማተራል፣ እናንተም ራሳችሁ ያኮማተራችሁትን ለማላላት ስትታገሉ ታመሻላችሁ። እጃችሁን በሙቅ ውሃ ታጠቡ። የዘይቱን ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፣ እሳት ላይ ግን አታስቀምጡት፤ ጀርባ ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊትም ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት። የምታሹትን ቦታ ብቻ ግለጡ፣ ሌላው በጋቢ ይሸፈን። የመንዝ ባና ያለው ደግሞ ከወገብ በታች ጣል ያድርግበት። (ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ዘመዶቼ ይሄን ዝለሉት፣ የእናንተ ችግር ላብ ነው።)

ከሰል አስገብቶ በር መዝጋት

ይሄኛው ቀልድ የለውም። ቤቱ ይሙቅ ተብሎ የከሰል ምድጃ ይገባል፣ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ሰውየው ታሽቶ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል። "ጭሱ ካለቀ ፍሙ ምንም አያደርግም" የሚባለው ስህተት ነው፣ ጭስ የሌለው ፍምም ያወጣዋል። መጀመሪያ የሚመጣው ራስ ምታትና ማዞር ሲሆን፣ ታሽቶ የተኛ ሰው ደግሞ "ድካሙ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ቡናው ካለቀ ምድጃውን አውጡት። ክፍሉን በሌላ መንገድ ማሞቅ ካልቻላችሁ ልብስ ደርቡ።

አጥንቱን ማሸት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጀርባ ሲባል እጃችን በቀጥታ አከርካሪው ላይ ያርፋል። የሚታሸው ግን ጡንቻው ነው። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ፣ ከወገብ ወደ ማጅራት የሚወጣ ወፍራም ጡንቻ በመዳፋችሁ ታገኛላችሁ። ሥራችሁ እሱ ላይ ነው። ከወገብ ጀምራችሁ በሙሉ መዳፍ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ግፉ፣ ትከሻ ላይ ስትደርሱ እጃችሁን ወደ ውጭ ከፈት አድርጉትና በጎን በኩል ተመለሱ። ስትወጡ ትጫናላችሁ፣ ስትመለሱ መዳሰስ ብቻ። በአንገትና በትከሻ መካከል ያለውን ሥጋ እንደ ሊጥ በእጃችሁ እያፈሳችሁ ማላላት ትችላላችሁ። ቀኑን ሙሉ ጄሪካን የተሸከመች ወይም ስልክ ላይ አቀርቅሮ የዋለ ሰው እዚህ ቦታ ላይ "አዎ፣ እሱን!" ይላችኋል።

ጎድን ሥር ግን ረጋ በሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥንድ ጎድኖች ከፊት በኩል ከምንም ጋር አልተያያዙም፣ ኩላሊትም እዚያው አካባቢ ነው። ክርንና ጡጫ ቦታቸው አይደለም።

"ቋ ካላለ አልታሸም" የሚሉም አሉ። ድምፁ የመዳን ምልክት አይደለም። አንገት ይዞ ድንገት ጠምዝዞ ቋ ማሰኘትማ ጨርሶ አይሞከርም። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሥሮች የሚያልፉት በዚያ ነው።

"ና እስቲ እርገጠኝ"

ይሄን የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ግድግዳ ይዤ አጎቴ ጀርባ ላይ ስመላለስ ነው ያደግኩት፣ ከጨዋታ እቆጥረው ነበር። ችግሩ ልጅ ሲራመድ ሙሉ ክብደቱ በአንድ ተረከዝ ላይ ያርፋል፣ ተረከዙ ደግሞ አከርካሪ ላይ ይሁን ጎድን ላይ ልጁ አያውቅም። ቅባት ካለበት ጭራሽ ይንሸራተታል። አጥንት ከዕድሜ ጋር ይሳሳል፣ በተለይ የወር አበባቸው ካቆመ እናቶች ላይ። ለአያት ልጅ ማስረገጥ ይቅር። የልጅ እጅ ይበቃል፣ እንዲያውም የልጅ ትናንሽ እጆች ማጅራት ላይ ደስ ይላሉ።

ዝም ካለ ተመችቶታል ብሎ ማሰብ

የእኛ ይሉኝታ እዚህም አለቀቀንም። ያመመው ሰው "ደህና ነው ልጄ፣ ቀጥል" ይላል። አባቴ እንዲያ ነበር። ስለዚህ "ያማል ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ "ላላላው ወይስ ይብቃው?" በሉ፣ ለዚህ መልስ ይሰጣሉ። ከአፉ ይልቅ ደግሞ ሰውነቱን እዩ። ትንፋሹን ከያዘ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ከተጠጋ፣ የእግሩ ጣቶች ከተጨበጡ በዝቶበታል። "ጠንከር አርገው" ቢላችሁም የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ደቂቃዎች በለሆሳስ አሳልፉ። ያልሞቀ ጡንቻ ላይ በአውራ ጣት መግባት ያኮማትረዋል እንጂ አያላላውም።

ራስን መርሳት

ከፍ ያለ አልጋ አጠገብ ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣት ብቻ የሚያሽ ሰው በማግስቱ እሱ ራሱ አሺ ፈላጊ ይሆናል። ስፖንጅ ፍራሽ ወለል ላይ አንጥፉና ተንበርከኩ። ክንዳችሁ ቀጥ ይበል፣ ጉልበቱ የሚመጣው ሰውነታችሁ ወደ ፊት ሲያዘነብል ነው። ለተኛው ደግሞ ፎጣ ጠቅልላችሁ ቁርጭምጭሚቱ ሥር አድርጉለት፣ ግንባሩን በእጆቹ ላይ ያሳርፍ። አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዙሮ ግማሽ ሰዓት ከተኛ ጀርባው ተሽሎት አንገቱ ታሞ ይነሳል።

ቅባት

ብዙ አያስፈልግም፣ መዳፍ የሚያረጥብ ያህል ይበቃል። የሰሊጥ ዘይት ጥሩ ነው፣ የሕፃናት ቅባትም እንዲሁ። ለጋ ቅቤ የሚወዱ እናቶች አሉ፣ ይቀቡ። የተነጠረውን ለወጥ ተዉት። የሚያቃጥለውን የፋርማሲ ቅባት ቀብቶ ላዩ ላይ የፈላ ውሃ ጠርሙስ ማስቀመጥ ቆዳ ያቃጥላል፣ አንዱን ምረጡ። እጃችሁን ሳትታጠቡም ዓይናችሁን አትንኩ።

ሁሉን ነገር "ብርድ ነው" ማለት

ትኩሳት ያለበት፣ የወደቀ፣ ስብራት የሚጠረጠርበት ወይም ቆዳው የቆሰለ ሰው አይታሽም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። አንድ እግሩ ብቻ አብጦ፣ ሞቆ የሚያመው ሰው የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና ቶሎ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ እናንተ አይምጣ፣ እግሩንም አትንኩት። ነፍሰ ጡር ሴት በሆዷ አትተኛም፤ የጤና ባለሙያ ከፈቀደላት በጎኗ ጋደም ብላ በቀስታ ትታሻለች። የጀርባ ሕመሙ እግር መደንዘዝ ወይም ማነከስ ካመጣ፣ በጭን መካከል ከደነዘዘ፣ ሽንት አልያዝ ወይም አልወጣ ካለ ደግሞ ቀጠሮ የለውም። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ነው።

መጨረሻ ላይ "በቃ ተነስ!"

አሥራ አምስት ሃያ ደቂቃ ይበቃል። በመሃል ስልክ አንስታችሁ "ሃሎ" ካላችሁ ግን የለፋችሁት ሁሉ ገደል ገባ። ስትጨርሱ ጀርባውን ቸብ አድርጎ ማስነሳት ለምን እንደሚወደድ አላውቅም። በድንገት የተነሳ ሰው ሊያዞረው ይችላል፣ ትንሽ ይጋደም፣ ቀጥሎ ይቀመጥ፣ ከዚያ ይቁም።

አባቴ አሁን "ትንሽ ብቻ" ብሎ ይጀምራል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ያንኮራፋል። እኔም ባናውን እስከ ትከሻው ስቤለት፣ መብራቱን አጥፍቼ እወጣለሁ።