ግቢ ውስጥ የ4 አመቱም የ12 አመቱም አብረው የሚጫወቱበት ዘዴ

የልጆች ጨዋታ ጠፋ ሲባል እሰማለሁ፣ አልጠፋም እኮ። ደብረ ማርቆስም ሂዱ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለውስጥ ግቡ አመሻሽ ላይ ኩኩሉ ሲባል ትሰማላችሁ። ቤት ውስጥ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፣ የእድሜ ልዩነት። ትልቁ 12 መሃለኛዋ 8 ትንሹ 4 ከሆኑ ትልቁ ትንሽ ተጫውቶ ይሰለቸውና ስልኩን ይዞ ቁጭ ይላል፣ ትንሹ ደግሞ ሁሌ እሱ ስለሚያዝ እያለቀሰ ወደ እናቱ ይሮጣል፣ በቃ ጨዋታው ፈረሰ። ስለዚህ አዲስ ጨዋታ ፍለጋ ቲክቶክ ላይ ከመዋል የምናውቀውን ጨዋታ ወስደን ህጉን እንደየልጁ አቅም ማስተካከል ነው፣ የሚገዛ ነገርም የለውም።

ልጆቹን ከመልቀቃችሁ በፊት ግቢውን አንዴ ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። አጥር ስር ሳማ ካለ እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ ንቀሉት፣ የቆርቆሮ ቁራጭና ሚስማር ልቀሙ፣ የጉድጓድ ውሃ ካለ ክዳኑ ይቆለፍ፣ የእንጨት ክምር ላይ መውጣት ክልክል ይሁን። ሰው የሚረሳው ግን የልብስ ማስጫውን ገመድ ነው፣ አመሻሽ ላይ የሚሮጥ ልጅ አያየውም አንገቱ ላይ ነው የሚመጣው፣ ወይ ፍቱት ወይ ነጭ ጨርቅ ነገር አንጠልጥሉበት። ጫጩት ያላት ዶሮ ካለች ደግሞ ጨዋታው ግቢው በሌላ በኩል ቢሆን ይሻላል፣ እሷ ከማንም ጋር አትደራደርም።

ኩኩሉ ለመጀመር የሚሆን ነው። ፈላጊው አይኑን ሸፍኖ ኩኩሉ ሲል የሚደበቁት አልነጋም ይላሉ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ነጋ ይሉትና ፍለጋ ይጀምራል። ትንሹን ብቻውን እንዲፈልግ አታድርጉት፣ ከአባቱ ወይ ከእናቱ ጋር ይጣመር፣ አብሮ ሲደበቅም ሳቁን መያዝ ስለማይችል እናንተንም ያስይዛችኋል ግን ግዴለም። ትልቁ ይሄ የህጻን ነው ማለት ከጀመረ ገልብጡለት፣ እሱ ብቻውን ይደበቅና ሌላው ሁሉ ይፈልገው፣ ያገኘው ሰው ሳይናገር እዛው አብሮት ይደበቃል፣ እንደዛ እያለ መጨረሻ ላይ አንድ ፈላጊ ብቻ ሲቀርና ጌሾው ስር አምስት ሰው ተጨናንቆ ሳቁን ሲያፍን አስራ ሁለት አመቱም ቢሆን አይሰለቸውም።

ሰኞ ማክሰኞ አፈር ግቢ ከሆነ በእንጨት ሲሚንቶ ከሆነ በከሰል ይሰመራል። መጣያው ገል ቢሆን ጥሩ ነው፣ ክብ ድንጋይ እየተንከባለለ መስመር ላይ ያርፍና ተቃጠልሽ አልተቃጠልኩም ጭቅጭቅ ይመጣል። ትንሹ በሁለት እግሩ ይዝለል፣ መሃለኛዋ በደንቡ በአንድ እግሯ፣ ትልቁ በማይለምደው እግሩ። አባትም ይግባ ባክህ፣ ወንድ ልጅ ሰኞ ማክሰኞ አይጫወትም የሚለውን እዛው ተዉት፣ በአንድ እግር እየዘለሉ ጎንበስ ብሎ ገል ማንሳት ስንቱን ጎበዝ ነኝ ባይ እንደሚጥል ሞክራችሁ እዩት።

የካልሲ ኳስ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ እሱ ያዋጣል። ያረጀ ካልሲ ውስጥ ፌስታልና ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ አፉን በክር አስራችሁ ገልብጣችሁ ድጋሚ እሰሩት፣ እንዳይላላ ሌላ ካልሲ ደርቡበት። የመስኮት መስታወት አይሰብርም፣ ቢመታም አያምም። ሁለት ሰው ወደ 10 እርምጃ ተራርቆ ፊት ለፊት ይቆማል፣ ሌላው መሃል ይገባል፣ ወርዋሪዎቹ ከወገብ በታች እያነጣጠሩ ይወረውራሉ፣ የተመታ ይወጣል፣ ኳሱን አየር ላይ የቀለበ አንድ ነፍስ ያገኛል። ዘዴው ነፍሱ ላይ ነው፣ ለትንሹ 3 ነፍስ ለመሃለኛዋ 2 ለትልቁና ለወላጅ 1 ስጡና ጀምሩ፣ ትንሹ ሁለቴ ተመትቶም መሃል እየተዝናና ትልቅየው ውጪ ሲቆም ፊቱን እዩት። ትልቁ ልጅ የሚወረውር ከሆነ በግራ እጁ ይሁን፣ ግራኝ ከሆነ በቀኙ። ሲደክማችሁ ደግሞ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ ደርድሩና በዛው ኳስ እየጣሉ ይቁጠሩ፣ ትንሹ ቀረብ ትልቁ ራቅ ብሎ።

አባሮሽም እንደዛው ነው፣ ዛፍ የነካ አይያዝም ካላችሁ ለትንሹ ሶስት ዛፍ ለትልቁ አንድ። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ገብቶ መዝለል ሳር ላይ ብቻ ይሁን ሲሚንቶ ላይ ያንሸራትታል። ገመድ ጉተታ ላይ ገመዱን እጅ ላይ መጠምጠም ፈጽሞ አይፈቀድ፣ የቃጫ ገመድ ደግሞ መዳፍ ይልጣል ወፍራም ነጠላ ወይ ጋቢ ጠምዝዞ መጎተት ይሻላል፣ አሮጌ ከሆነ ማለቴ ነው።

ገና ሲደርስ የገና ጨዋታ ካልተጫወትን ማለታቸው አይቀርም። ሜዳ ላይ ትልልቆቹ በሩር ይጫወቱ፣ ግቢ ውስጥ ግን ሩሩ ቀርቶ በካልሲው ኳስ፣ ዱላውም ከጉልበት በላይ እንዳይነሳ፣ ያነሳ ይውጣ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፣ ጥርስ ከወለቀ ግን ጌታም እናትም መቆጣታቸው አይቀርም።

ቡድን ስትከፍሉ እኩል አቅም ያላቸው ሁለት ሁለት ሆነው ገለል ይሉና አንዱ አንበሳ አንዱ ነብር ብለው ተሰያይመው ይምጡ፣ የቡድኑ አባት ማን ማን እንደሆነ ሳያውቅ አንዱን ይመርጣል፣ እኔን አልፈለገኝም የሚል ኩርፊያ የለም። ለዳኝነት እማማ በረንዳ ላይ ዱካ ወጥቶላቸው ቢቀመጡ ማንም አይከራከርም፣ ለትንሹ ያዳላሉ እሱ የታወቀ ነው እንደ ህግ ውሰዱት።

የአለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 አመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል፣ አንዴ መሆን የለበትም ጠዋት ትንሽ ማታ ትንሽ ብትሉ ይሞላል። ባህር ዳር መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሰአት ፀሐዩ ስለሚከብድ ከ10 ሰአት በኋላ አድርጉት፣ ውሃ በጆግ ቅርብ ይቀመጥ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ዝናቡ ጋብ ሲል ነው መውጣት፣ ከዘነበ በረንዳ ላይ ገመድ ዝላይ ይቻላል። ጭቃ ላይ ገመድ ጉተታ ግን እንዳታስቡት፣ ልብሱን የሚያጥበው ሰው ቀድሞ ካልተስማማ።