ለአቅምህ የሚሆን የተራራ ሳይክል ጉዞ አመራረጥ

"ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ብለህ አትጀምር። መጀመሪያ ዳገቱን ጠይቅ። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ 30 ኪሎ ሜትር እየተጫወተ የሚነዳ ሰው እዚያ ገና በ10ሩ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል (እኔን ባያችሁኝ!)። ጀማሪ ከሆንክ የሱሉልታ ሜዳ ይበቃሃል። መናገሻ ሱባ ጫካ ግን ተራራ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አያያዝ ያልለመደ ባይቸኩል ይሻላል።

አስጎብኚውን አፋጠው። ሰው ቢደክም መኪና አለ? ጎማ ቢተነፍስ መለዋወጫ ይዟል? መልሱ "ችግር የለም፣ አታስብ" ብቻ ከሆነ ሌላ ፈልግ። አንተም ስለ ችሎታህ አትዋሸው። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ ቀላል የተባለውንም መንገድ ያከብደዋል።