ግራፉ ከዜሮ ይጀምር ወይስ አይጀምር?

ሀዋሳ አንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ ለስብሰባ ባር ግራፍ አዘጋጀሁ። አምና 480 ደንበኛ፣ ዘንድሮ 500። ቁጥሮቹ ስለተቀራረቡ ኤክሴል ቋሚውን አክሲስ (በግራፉ ጎን ቁጥሮች የሚደረደሩበትን መስመር) በገዛ ፈቃዱ ከ470 ጀመረው፤ እኔም ቡናዬ እንዳይቀዘቅዝ ስቸኩል ሳላየው ስላይድ ላይ ለጠፍኩት። አለቃችን ገና ሲያዩት «ሦስት እጥፍ አድገናል!» አሉ። ጭማሪው 4 በመቶ ገደማ ነበር። ግን ምን ይፈረድባቸዋል፣ አንዱ ባር 10፣ ሌላው 30 ሆኖ ነው የቆመላቸው።

ስለዚህ ባር ከሆነ ከዜሮ። ድርድር የለውም። ባር የሚነበበው በቁመቱ ነው፣ እግሩን ቆርጣችሁ ማወዳደር ሁለት ሰው ከአንገት በላይ ለክቶ ማን ይረዝማል እንደማለት ነው። አንዳንዱ አክሲሱ መቆረጡን የሚያሳይ ጥምዝምዝ ምልክት ከሥር አድርጎ «አሳውቄያለሁ» ይላል። ማንም አያየውም።

ማስተካከያው የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ኤክሴል ላይ የአክሲሱን ቁጥሮች ሁለቴ ክሊክ ስታደርጉ በጎን «ፎርማት አክሲስ» ይከፈታል፣ «ባውንድስ» ሥር «ሚኒመም» ላይ 0 ጻፉ። ጎግል ሺትስ ላይ «ከስተማይዝ» ገብታችሁ «ቨርቲካል አክሲስ» ሥር ታገኙታላችሁ።

ላይን ግራፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የምንከታተለው መውጣት መውረዱን ነው። ሐይቃችንን፣ የሀዋሳ ሐይቅን፣ ውሰዱ። ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፣ ስለዚህ ዝናብ ሲበዛ ከፍ ይላል፣ ሲጠፋ ይወርዳል። አንድ ሜትር ከፍ ቢል ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ የሚንሸራሸር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያንን አንድ ሜትር ከዜሮ በሚጀምር ግራፍ ብትስሉት ግን በማስመሪያ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚወጣላችሁ። ዜሮው እዚህ ባህሩ ነዋ! ሀዋሳ ላይ ስለ ባህር ማን ጠየቀ?

ትኩሳትም እንደዚያው ነው። ሕፃን ከ37 ወደ 39.5 ሲደርስ ቤተሰቡ ሐኪም ቤት ይሮጣል፣ ከዜሮ የጀመረው ግራፍ ላይ ግን እዚህ ግባ የማይባል ጉብታ ነው። የሴልሺየስ ዜሮ ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጥበት ነጥብ እንጂ «ሙቀት የለም» ማለት አይደለም።

ይህን ይዛችሁ ደግሞ እንዳትፈነጩበት። አክሲሱን ካጠበባችሁት የ2 ሳንቲሜትር ለውጥም ጎርፍ ይመስላል። እኔ ግራፉን ሳልከፍት በፊት ወረቀት ላይ አንድ ነገር እጽፋለሁ፦ ሰው የሚደነግጠው ስንት ሲጨምር ነው? ለሐይቁ አንድ ሜትር ካልኩ አክሲሱን አምስት ስድስት ሜትር አሰፋዋለሁ፣ ከየት እንደጀመረም ርዕሱ ሥር በግልጽ እጽፋለሁ። ሁለት ግራፍ ጎን ለጎን ከሆነ ሁለቱም አንድ ዓይነት አክሲስ ይኑራቸው።

ባር ይሁን፣ ልዩነቱም ይታይ ካላችሁ ልዩነቱን ራሱን ሳሉት። በየዓመቱ ካለፈው ዓመት ስንት እንደጨመረ አስቀምጡ። ያኔ ዜሮ ማለት «ለውጥ የለም» ነው፣ የቀነሰበት ዓመት ወደታች ይወርዳል።

የኔን ግራፍ በማግስቱ ከዜሮ አስጀምሬ ላክሁት። ሁለቱ ባሮች መንታ መሰሉ። አለቃችን ወዲያው ደወሉ፦ «ፋይሉ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ እስቲ የትናንቱን መልሰህ ላክልኝ።»