የጎጃም ፎቶዎች በዊኪሚዲያ ኮመንስ፦ በመግለጫና በመደብ አሰጣጥ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ዊኪሚዲያ ኮመንስ በ2004 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ አማርኛውን ጨምሮ የልዩ ልዩ ቋንቋ ዊኪፔዲያዎች ፎቶ የሚወስዱበት የጋራ ማከማቻ ነው። በዚህ ማከማቻ አንድ ፎቶ የሚገኘው አብሮት በተጻፈው ቃል ስለሆነ፣ የፋይሉ ስም፣ መግለጫው፣ ቀኑና መደቡ (ተመሳሳይ ፎቶዎች የሚሰበሰቡበት ርዕስ) ካልተሞሉ ፎቶው ቢጫንም እንዳልተጫነ ይቆጠራል፤ በስህተት ከተሞሉ ደግሞ አገሩን የማያውቅ አዘጋጅ አምኖ ወስዶ በማይመለከተው ጽሑፍ ላይ ያኖረዋል። ጎጃምን የሚያሳዩ ፎቶዎችን መግለጫ ሳርም ደጋግመው የገጠሙኝን ስህተቶች እዚህ አቀርባለሁ። አብዛኞቹን ሊያቀና የሚችለው የአገሩን ስምና መልክ የሚያውቅ ሰው በመሆኑ፣ ሥራው ከማንም በፊት የእኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ካሜራው ወይም ስልኩ የሰጠውን የፊደልና የቁጥር ስም እንዳለ መተው ነው። «ቤተ ክርስቲያን 3» የሚለውም ቢሆን ከዚያ ብዙም አይሻልም፤ «ደብረ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ከደቡብ በኩል ሲታይ» ቢባል ግን ፈላጊው ሳይከፍተው ያውቀዋል። ከተጫነ በኋላ ስሙን መቀየር የሚችለው ፈቃዱ የተሰጠው አባል ብቻ ስለሆነና ሌሎቻችን በመለጠፊያ (በፋይሉ ገጽ ላይ በሚጨመር ዝግጁ ኮድ) መጠየቅ ስለሚኖርብን፣ አስቀድሞ ማሰብ ይሻላል።

ሁለተኛው በመግለጫው ቦታ አድናቆት መጻፍ ነው። «ውቧ ጎጃም»፣ «ድንቅ የተፈጥሮ ገጽታ» የሚሉ ሐረጎች ፍቅርን ይገልጹ ይሆናል እንጂ ፎቶው ምን እንደሆነ አይናገሩም። በጮቄ ተራራ ላይ የተነሣ አንድ ፎቶ ረጅም ግንድ ያለውና ቅጠሉ አናቱ ላይ የተሰበሰበ ተክል ቢያሳይ፣ የአካባቢው ሰው ጅብራ መሆኑን በአንድ እይታ ያውቃል፤ መግለጫው «ዛፍ» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ስለ ደጋ ዕፅዋት የሚጽፍ ሰው ፈጽሞ አያገኘውም። በጣና ላይ የሚቀዘፈውንም «ጀልባ» ብሎ ከማለፍ ከደንገል የተሠራ ታንኳ መሆኑን መጻፍ ይገባል። በፎቶው ላይ ያለው ነገር ምን ተብሎ ይጠራል፣ ከምን ተሠራ፣ ለምን ያገለግላል፣ የት ነው፣ የሚሉትን ጥያቄዎች የመለሰ መግለጫ ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሆንም በቂ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ተመሳሳይ ስሞችን ማምታታት ነው። «ተክለ ሃይማኖት» የሚል ስም ብቻውን ሲቀመጥ ጻድቁን ይሁን፣ በስማቸው የታነጸውን ቤተ ክርስቲያን ይሁን፣ ወይስ ቀድሞ ራስ አዳል ይባሉ የነበሩትንና በ1881 እ.ኤ.አ. የነገሡትን የጎጃም ንጉሥ ይሁን አይታወቅም። «የዓባይ ምንጭ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በሰከላ ግሽ ዓባይ የሚገኘው ምንጭ ወደ ጣና የሚገባው የግልገል ዓባይ መነሻ ሲሆን፣ በባሕር ዳር አጠገብ ታላቁ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ ሌላ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ አንባቢው ይሳሳታል። በጢስ ዓባይ አቅራቢያ ያለው የዓላታ ድልድይና ከዚያ በታች ዓባይን የሚሻገረው ሰባራ ድልድይም፣ ሁለቱም የድንጋይና የጥንት በመሆናቸው ይለዋወጣሉ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ከደሴት ገዳማት መካከል መመደብም የተለመደ ነው፤ ተጓዡ በጀልባ ስለሚደርስበት ደሴት ይመስለዋል፣ ነገር ግን ዘጌ ከየብስ ጋር የተያያዘ ልሳነ ምድር ነው፤ ክብራን ገብርኤል ግን በእርግጥም በደሴት ላይ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ልዩነት በመግለጫው ውስጥ በአንድ ሐረግ ማስቀመጥ የብዙ ሰው ስህተትን ይቆርጣል።

የቀን አጻጻፍ ስህተት ለእኛ ብቻ የሚገጥም ነው ማለት ይቻላል። የቀኑ ሳጥን የሚጠብቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር፣ ዓመት፣ ወርና ቀን በቅደም ተከተል ተጽፎ ነው። በደብረ ማርቆስ ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. የተነሣ የጥምቀት ፎቶ በሳጥኑ ውስጥ 2024-01-20 መሆን ሲገባው 2016 ተብሎ ከተሞላ፣ ፎቶው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መሆኑንና በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ቀኑም በአንድ እንደሚገፋ መዘንጋት አይገባም። የኢትዮጵያውን ቀን በመግለጫው ውስጥ «ዓ.ም.» ብሎ በተጨማሪነት መጻፍ ግን እጅግ ጥሩ ነው። ፎቶው የተጫነበትን ወይም አሮጌ ፎቶ ስካን የተደረገበትን ቀን ፎቶው እንደተነሣበት ቀን አድርጎ መጻፍም ስህተት ነው። ቀን ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል ለሚል ሰው ጢስ ዓባይን አስታውሰዋለሁ፤ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ከወንዙ ውኃ ከፊሉ ወደ ተርባይን ስለሚዞር፣ በክረምት ማብቂያ የተነሣና በበጋ የተነሣ ፎቶ፣ ከ2001 በፊትና በኋላ የተነሣም እንዲሁ፣ የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ቀን የሌለው የፏፏቴ ፎቶ ለዚህ ንጽጽር አይሆንም።

በመደብ አሰጣጥ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። አንደኛው ሁሉንም «ጎጃም» ወይም «ኢትዮጵያ» በሚል ሰፊ መደብ ውስጥ መክተት ነው። ጎጃም የታሪክና የባህል ስም ሆኖ ይኖራል፤ የዛሬው አስተዳደር ግን በዞኖች የተከፋፈለ ስለሆነ፣ የዲማ ጊዮርጊስ ፎቶ በምሥራቅ ጎጃም፣ የእንጅባራ ፎቶ በአዊ ሥር መግባት አለበት፤ በቀድሞው ክፍለ ሀገር ውስጥ የነበረው መተከልም ዛሬ የሚገኘው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው። ሁለተኛው ስህተት ፎቶውን በጠባቡም በሰፊውም መደብ ውስጥ አንድ ላይ ማስገባት ነው። በጢስ ዓባይ ፏፏቴ መደብ ውስጥ ያለ ፎቶ፣ ያ መደብ ራሱ በኢትዮጵያ ፏፏቴዎች መደብ ሥር ስለሚገኝ፣ እንደገና እዚያ መጻፍ አያስፈልገውም። ከቦታው በተጨማሪ ግን የሚታየውን ነገር መመደብ ይገባል፤ በጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የተነሣ ፎቶ ቦታውን፣ በዓሉንና ፈረሰኛውን የሚመለከቱ መደቦች ያስፈልጉታል። የመደብ ስሞች በኮመንስ ላይ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፉ፣ በራስ ግምት አዲስ ስም ከመፍጠር በፊት ነባሩን መፈለግ ይቀድማል፤ ሆትካት የተባለው መሣሪያ ፊደል ሲጀመርለት ያሉትን መደቦች ያሳያል።

የካሜራውን ቦታ ከሚታየው ነገር ቦታ መለየትም ይዘነጋል። ደጀን ላይ ቆሞ የዓባይን ሸለቆ አሻግሮ ያነሣ ሰው ካሜራው በጎጃም፣ የሚታየው ገደል በሸዋ ሊሆን ይችላል፤ ለሁለቱም የተለያየ መለጠፊያ አለ። ከቤተሰብ አልበም ስካን በተደረገ ፎቶ ላይም «የራሴ ሥራ» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ ባለሥራው ያነሣው ሰው ነው።

በመጨረሻም፣ መግለጫን በእንግሊዝኛ ብቻ ጽፎ አማርኛውን መተው ያሳዝነኛል። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ ቦታ ስላለ ሁለቱንም መጻፍ ይቻላል፤ አጭሩ መግለጫም በአማርኛ ይሞላል። «ዓባይ» ብለው የሚፈልጉም «አባይ» ብለው የሚፈልጉም እንዲያገኙት፣ በረጅሙ መግለጫ ውስጥ ሁለቱን አጻጻፎች ማስገባት ይረዳል። ሌላ ሰው የጫነውን ፎቶ ሲያርሙ ደግሞ ለምን እንዳረሙት በማጠቃለያ ሳጥኑ ይግለጹ፤ ቦታውን እርግጠኛ ሆነው ካልለዩት መግለጫውን ሳይነኩ ጥያቄዎን በፋይሉ የውይይት ገጽ ላይ ያስፍሩ።