ዲስክ ጎልፍ ጋራ ላይ፦ አጭሯ ሜዳ እንዳትሸውዳችሁ

ዒላማው 50 ሜትር ላይ ሲታያችሁ «ይቺማ ቀላል ናት» ካላችሁ ተበላችሁ። ሐረር፣ ሐኪም ጋራ ሥር የምንጫወትባት ሜዳ 9 ዒላማ ብቻ ነው ያላት። ግን ዛፍ አለ፣ እርከን አለ፣ ቁልቁለት አለ። ጉልበተኛ ሁሉ እዚያ ነው ጉድ የሚሆነው።

ለማታውቁት፦ ሕጉ የጎልፍ ነው። በዱላና በኳስ ፋንታ ዲስክ፣ ማለትም ሳህን የመሰለ ዝርግ ፕላስቲክ፣ ወደ ዒላማው ትወረውራላችሁ፤ ካረፈበት ቦታ ደግሞ ትቀጥላላችሁ። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ባለ ሰንሰለቱ ቅርጫት አሜሪካ ውስጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ዛፍና የቆሻሻ በርሜል ነበር ዒላማው። እኛም አሮጌ የባጃጅ ጎማ ዛፍ ላይ ብናንጠለጥል አትሳቁብን።

መጀመሪያ ቦርሳ አቅልሉ። ለሩቅ ውርወራ የሚሆነው ጠርዘ ስሉ ድራይቨር ቤት ይቅር። ለቅርብ አንድ ፑተር፣ ለመካከለኛ ርቀት አንድ ሚድሬንጅ ይበቃሉ። ፑተር ጠርዙ ወፍራም ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ማረፊያው ይገመታል።

ከመወርወራችሁ በፊት በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት። ዒላማውን ሳይሆን ማረፊያውን። ከጎማው ጀርባ መሬቱ የሚወርድ ከሆነ አሳጥሩ። 5 ሜትር ቀርቶ መቆም 30 ሜትር ቁልቁል ከመውረድ ይሻላል።

ጋራ ላይ ዋናው ጠላት ዛፍ አይደለም፣ መንከባለል ነው። ዲስክ በጠርዙ ካረፈ ጎማ ሆነ ማለት ነው። አንድ ቀን ቆንጆ ወርውሬ ጎማውን በክንድ ርቀት ሳትኩት። ዲስኬ ድንጋይ ነካ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ትንሽ ያሰበ መሰለ፣ ከዚያ እርከን በእርከን እየዘለለ ወረደ። ከታች ፍየል የሚጠብቅ ልጅ «ዋርያ! ሳህንህ ጫት ውስጥ ገባ!» ብሎ ጮኸ። የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ። «አባባ፣ ይቅርታ፣ ልግባ?» ብዬ ነው ያወጣሁት። እናንተም ሳታስፈቅዱ ማሳ አትርገጡ።

መድኃኒቱ ዲስኩ ሲያርፍ ገጹ ከመሬቱ ተዳፋት ጋር እንዲመሳሰል ማድረግ ነው። በቀኝ እጁ፣ ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፎ የሚወረውር ሰው ዲስኩ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ያዘነብልበታል። መሬቱም ወደ ግራ የሚወርድ ከሆነ ተስማሙ፤ ተንሸራቶ ይቆማል። ወደ ቀኝ የሚወርድ ከሆነ ግን ጠርዙ ዳገቱን ይነክስና ይነሳል። ያኔ ዝቅ፣ ለዘብ፣ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ወርውሩ።

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ትበልጣለች። አየሩ ስለሚሳሳ ዲስክ ቆላ ላይ ከለመዳችሁት ትንሽ ቀድሞ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከድሬ የመጣ ጓደኛ በግራ በኩል ሲስት አትፍረዱበት፤ ጥቂት ወደ ቀኝ ያልም።

ዒላማው 10 ሜትር ውስጥ ሲገባ ሩጫ የለም። ወርውራችሁ ሚዛናችሁን ሳትጠብቁ ወደፊት መራመድ ያስቀጣል። ዳገት ላይ ሰፋ አድርጋችሁ ቁሙ፣ ትንፋሻችሁ ይመለስ፣ ከዚያ ልቀቁት።

ዲስኩ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ይሁን፤ አረንጓዴው ጫት ውስጥ ከገባ አበቃለት። ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ሰብስቡ። ሐረር ነው፤ ሲመሽ ጅቦቹ ይወርዳሉ፣ የጠፋ ዲስክ ፍለጋም ለነገ ይደር።